የተከደነው ትሪ

ቤቱ ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ተጭኖ መጣ። ግድግዳው ተደራርቦ፣ ጣሪያው በገመድ ታስሮ፣ ብሎኑ በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ። መኪናው በኤረር በር ውጭ አልፎ ወደ ሸለቆው ሲወርድ፣ መንገድ ዳር ቲማቲም ዘርግታ የተቀመጠች ሴት ቀና ብላ አየችውና፦

"የማን ቤት ነው የተባረረው?" አለች።

ማንም አልተባረረም። ቤቱ የአቶ ኪዳነወልድ የአደን ቤት ነበር።

የአቶ ኪዳነወልድ ቅድመ አያት ከጦር ጋር ወደ ሐረር መጥተው እዚያው የቀሩ ሰው ናቸው። መሬቱ በዐዋጅ ሄደ፤ ትልቁ ቤት ለወራሾች ተሸነሸነ፤ ለአቶ ኪዳነወልድ የደረሳቸው ባለ ሁለት አፈሙዝ የወፍ ጠመንጃና "እኛ" እያሉ የመናገር ልማድ ነበር። ጠመንጃው ፈቃድ አለው። ጥር ሲገባ ይዘውት ወደ ኤረር ሸለቆ ይወርዱና፣ በወዳጃቸው በጋሽ ሙሜ እርሻ ጫፍ ላይ ከምትገኝ አንዲት የእንጨት ጎጆ እያደሩ ጅግራ ያድናሉ። ጎጆዋን ምስጥ በላት። ደግመው ሠሯት፤ ምስጡም ደገመ። በዚያ ላይ ጉልበታቸው መሬት ላይ መተኛትን እምቢ አለ። እንግዲህ ምስጥ የማይበላውን አዘዙ፤ አንድ ክፍል፣ አንድ በር፣ ሁለት ትንንሽ መስኮት፣ ሁሉም ብረት።

"ምስጥስ አይበላውም፤ ፀሐይ ግን ይጠብሰዋል" አሉ ጋሽ ሙሜ፣ ቤቱ ከመኪና ሲወርድ እያዩ። "ኪዳኔ፣ ወላሂ ንገረኝ፣ ቤት አመጣህ ወይስ መጥበሻ?"

"አንተ ከውጭ ሆነህ ሽታውን ታገኛለህ" አሉ አቶ ኪዳነወልድ።

ቤቱን ለማዘዝ የሄደችው ልጃቸው ገሊላ ነበረች። ገሊላ ከተማው ውስጥ ፋርማሲስት ናት። እናቷ ካረፈች ወዲህ የአባቷን መድኃኒት፣ መነጽርና ቁጣ የምትይዘው እሷ ናት። ከኤረር በር ውጭ ተገጣጣሚ የብረት ቤት የሚገጥም ልጅ አለ ብለው ጠቆሟትና ሄደች። ልጁ ዮናስ ይባላል። የቤቱን ስፋት ሲጠይቃት፦

"ለአንድ ሰውና ለአንድ ጠመንጃ የሚበቃ" አለችው።

"ጠመንጃው ያንኮራፋል?"

"የሚያንኮራፋው አባቴ ነው።"

"እንግዲያው መስኮት እንጨምርበት።"

ዮናስ ሲስቅ ጥርሱ አይታይም። ዓይኑ ጠበብ ይልና ፊቱ እዚያው ይረጋል። ገሊላ ያን ሳቅ ለማየት ምክንያት ፈልጋ ተመለሰች፤ ስለ ጣሪያው ቀለም ጠየቀችው። በሌላ ቀን ስለ መቆለፊያው ጠየቀችው። የሚጠየቅ ሲያልቅ፣ ከሥራ በኋላ የጀጎልን ግንብ ተከትለው መሄድ ጀመሩ። ስለ ፍቅር ያነሳ አልነበረም። አንድ ቀን ጠባብ መንገድ ላይ ከፊታቸው አህያ መጣና ሁለቱም በአንድ በኩል ግድግዳው ላይ ተለጠፉ። አህያው ካለፈ በኋላም ትንሽ ቆዩ።

ቤቱ መቆም በጀመረበት ቀን ገሊላ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ወረደች። ዮናስ ምሰሶ ያዢ አላት፣ ያዘች። እሱ ከወዲያ በኩል ብሎኑን አስገብቶ ዳዶውን በጣቱ ብቻ አዞረው። መፍቻውን አንስታ ልታጠብቀው ስትል፦

"አሁን አታጥብቂው" አላት።

"ይወድቃላ።"

"አይወድቅም። መጀመሪያ ሁሉም ላላ ብሎ ነው የሚቆመው። ከዚያ ከማዕዘን ማዕዘን በሰያፍ ይለካል፤ ሁለቱ ልክ እኩል ሲመጡ ይጠብቃል። አንዱን ቀድመሽ ካጠበቅሽው የሌላው ቀዳዳ አይገናኝም።"

"እስከዚያስ?"

"እስከዚያማ መያዝ ነው።"

ያዘች። ብሎን ባልገባበት ባዶ ቀዳዳ በኩል የዓይኑን ጥግ አየች፤ እሱም የእሷን ሳያይ አልቀረም፤ ጣቱ ሥራውን አቆመ። ብረቱ በፀሐይ ግሎ መዳፏን ያቃጥላት ነበር። ልቀቂ እስኪላት አልለቀቀችም፤ እንዲላትም አልፈለገች።

* * *

እትዬ በለጡ የአቶ ኪዳነወልድ ታላቅ እህት ናቸው። አንድ ቤት ይኖራሉ። ያን ዕለት ማታ ራት ላይ፦

"ያ የሚገጥመው ልጅ የማን ነው?" አሉ።

"ዮናስ ይባላል እትዬ።"

"ስሙን መች ጠየቅኩሽ። የማን ነው?"

ገሊላ አታውቅም ነበር። እትዬ በለጡ ያውቃሉ። የጠየቁት ሊነግሯት ነው።

"የእንደሻው የልጅ ልጅ ነው። የቀጥቃጩ።"

አቶ ኪዳነወልድ ቀና አላሉም። እንደሻው በሕይወት ሳሉ ለሐረርና ለአካባቢው ማጭድ፣ ማረሻና ቢላ የሚሠሩ ሰው ነበሩ። ሥራቸውን ሁሉ ሰው ገዝቶታል፤ ቤታቸው ገብቶ የበላ ግን ጥቂት ነው። ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ዓይኑ ይበላል ይባላል፤ በእሱ ፊት የጎረሱት ሆድ ውስጥ ገብቶ ያሳምማል፣ ሰውየው እያየ ከበሉ አንጀት ይቆራረጣል። ስለዚህ ቀጥቃጭ ሲመጣ ምግብ ይከደናል። ይህን እነ ገሊላ ቤት ተቀምጦ ያስተማረ የለም። ልጅ መራመድ እንደሚማረው፣ እንደዚያ ነው የሚማሩት።

"ዛሬ ያ ሁሉ ቀርቷል እትዬ። ልጁ ነጋዴ ነው፤ ንግድ ፈቃድ አለው።"

"ንግድ ፈቃዱን ዓይኑ ላይ ለጠፈው?"

"እኔ ፋርማሲስት ነኝ።"

"ታዲያ መድኃኒት አለሽ?"

ገሊላ ሳቀች። እውነትም አስቋት ነበር። ሄዳ ተኛች፤ እንቅልፍም ወሰዳት፤ ከዚህ ሁሉ አንዱንም እንደማታምን እርግጠኛ ነበረች።

በማግስቱ ከእትዬ በለጡ የተላከውን ምሳ ይዛ ወረደች። ቤቱ ግድግዳ አውጥቷል፤ ጥላው ሥር ምንጣፍ ዘርግታ ትሪውን አስቀመጠች፤ የበግ አልጫ ነበር። አባቷ ከጀሪካኑ እጃቸውን ይታጠባሉ። ጋሽ ሙሜ ትንሽ ራቅ ብለው ግራሩ ሥር ከቤታቸው የመጣላቸውን ይበላሉ፤ ሥጋቸው የእስላም ነው፣ የእነ አቶ ኪዳነወልድ የክርስቲያን፤ ሁለቱ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን በአንድ ጥላ፣ በሁለት ማዕድ በልተዋል። ገሊላ ጨርቁን ከትሪው ላይ እንዳነሳች ዮናስ ውሃ ፈልጎ በቤቱ ጥግ ዞሮ መጣ።

ጨርቁ ተመልሶ ትሪው ላይ አረፈ።

አንድ እጅ ነው ያደረገው፤ ነፋስ ሲመጣ በር እንደሚዘጋ ሰው፣ ሳይታሰብ። ዮናስ ቆመ። ያየው ጨርቁን ነበር፣ እሷን አይደለም። ባለጋራ እንኳ ምግብ ላይ ሲደርስ "እንብላ" ይባላል። አቶ ኪዳነወልድ እጃቸውን መታጠብ ቀጠሉ፤ ከንጹሕም በላይ እስኪነጻ ታጠቡ። ገሊላ የጨርቁን ጫፍ አስተካከለች።

"እንብላ!" አሉ ከግራሩ ሥር ጋሽ ሙሜ። ዮናስ የእሳቸውን ሥጋ እንደማይበላ ያውቃሉ፤ ቢሆንም አሉት።

"እግዜር ይስጥልኝ ጋሽ ሙሜ" አለ ዮናስ። ጀሪካኑን አንስቶ በመጣበት ጥግ ተመለሰ። ከመኪናው ጀርባ ተቀምጦ ደረቅ ዳቦ ሲቆርስ በኋላ አየችው። ገሊላ ጨርቁን ገለጠችው። አልጫው እንደ ሞቀ ነበር። አንድም ዝንብ በአካባቢው አልነበረም፤ ፈልጋም አላገኘችም።

* * *

በስልክ ረጅም መልእክት ጻፈች። አጠፋችው። ሌላ ጻፈች፤ ያም የራሷን ደግነት የሚያስረዳ ሆነባትና አጠፋችው። በመጨረሻ የላከችው፦ "ዝንብ ነበር።"

መልሱ ቶሎ መጣ። "አውቃለሁ። እዚያ ዝንብ ይበዛል።"

ከዚያ በኋላ ስትደውል ያነሳል፤ በትሕትና ያነሳል። እርስዎ ይላታል። በሩ ወለል እየላሰ ነው፣ ቅዳሜ መጥቼ አስተካክለዋለሁ፣ ያን ዕለት ቁልፉን አስረክባለሁ፤ ለአባትዎ ይንገሩልኝ። ከዚያ ጅግጅጋ ልሄድ ነው፤ ትላልቅ መጋዘኖች አሉ፣ ሥራው ይቆያል። አባትዎ። ስድብ ቢሆን መልስ ይኖራት ነበር።

በዚያው ሳምንት አንዲት እናት የሚያስመልሰው ልጅ ይዛ ፋርማሲ መጣች። ልጁ አንገት ላይ ክታብ አለ። "ከዓይን ነው መሰለኝ እህቴ" አለች። ገሊላ ለእንዲህ ያሉት ሁልጊዜ የምትለው አላት፦ ዓይን ሰው አያሳምምም እናቴ፣ ውሃውን አፍልተሽ አጠጪው። ያን ዕለት ግን ጨውና ስኳር ያለበትን ዱቄት በፓኬት ሰጠቻት፣ እንዴት እንደሚበጠበጥ ነገረቻት፣ ስለ ዓይን ምንም አላለችም። ሴትየዋ ከወጣች በኋላ ጠረጴዛውን ስትጠርግ፣ በዝንቡ ውሸት አንዱን ማዕዘን ቀድማ እንዳጠበቀች ተሰማት። አሁን የሌላው ቀዳዳ አይገናኝም። ያሳፈራት መዋሸቷ ነበር፤ ከመዋሸቷም ይበልጥ ውሸቱን እሱ በትሕትና መቀበሉ።

* * *

ቅዳሜ ማለዳ አባትና ልጅ ሲደርሱ ዮናስ ቀድሟቸዋል። ሞተር ሳይክሉ ግራሩ ላይ ተደግፏል፤ በሩ ከማጠፊያው ወርዶ መሬት ላይ ተኝቷል። ፀሐይ የቤቱን ጎን ገና መንካቷ ስለነበር ብረቱ ሲሞቅ ጠቅ፣ ጠቅ ይል ነበር።

"እንደምን አደሩ ጋሼ" አለ። ከዚያም "እንደምን አደሩ" አለ፣ ለእሷ።

"በሩስ?" አሉ አቶ ኪዳነወልድ።

"ወለሉ በአንድ ጎን ትንሽ ሰምጧል። ማጠፊያውን ከፍ አደርገውና እናንተ ከአደን ሳትመለሱ ይዘጋል።"

ጋሽ ሙሜ በጠባቡ መንገድ እያዘገሙ መጡ። ጅግሮቹ ላይኛው ማሽላ ቃርሚያ ላይ አርፈዋል፣ ኪዳኔ ጉልበቱን ትቶ ዓይኑን ይዞ ይምጣ አሉ። ሦስቱ ወጡ። ገሊላ የአባቷን ከረጢት ተሸከመች፤ እሳቸው ጎንበስ ማለት ካቃታቸው ቆይቷል።

የሁለቱ ሽማግሌዎች ደንብ ቀላል ነው። መጀመሪያ የወደቀውን አንዱ ያርዳል፣ ቀጥሎ የወደቀውን ሌላው። አንዱ ቢስሚላህ ይላል፣ ሌላው በስመ አብ። ነፍሱ ሳትወጣ ቢላ ያልደረሰበት ጥንብ ነው፤ ለማንም አይሆንም። ለቤት ምረቃ ለባለቤቱ የደረሰው የመጀመሪያ ግዳይ ደግሞ ጥንብ ከሆነ፣ በዚያ ቤት ማደር ያስፈራል፤ በዚህ ሁለቱም ሃይማኖቶች ይስማማሉ።

አቶ ኪዳነወልድ ተኮሱ። አንዱ ጅግራ እዚያው ወደቀ፤ ጋሽ ሙሜ በዕድሜያቸው የማያምር ሩጫ ሮጠው ደረሱበት። መንጋው ሲነሳ ደግመው ተኮሱ። ሁለተኛው ክንፉን እየጎተተ መሬት ነካ፣ ተነሳ፣ ቁልቁል ወደ ቤቱ ሮጠ።

"ያ የእኔ ነው" አሉ። አንድ እርምጃ ሄደው ጉልበታቸውን ያዙ። ቢላቸውን ከወገባቸው መዝዘው ለገሊላ ሰጧት። "ሩጪ። ሳይሞት ያዢው፤ መጣሁ።"

ሮጠች። ቁልቁለቱን ወርዳ ስትደርስ ጅግራው በዮናስ እጅ ነበር። በሩን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል እግሩ ሥር ገብቶለት ነው። በሁለት መዳፉ ይዞታል፤ የደሙ ጠብታ ጫማው ላይ ይወርዳል። የወፉ አንገት መዘመም ጀምሯል።

"እየሞተ ነው" አላት።

ወደ ላይ አየች። አባቷ ተዳፋቱ ላይ ቆመዋል። ጋሽ ሙሜ ከዚያም ይርቃሉ። ቢላው በእጇ ነው፤ ግን ሴት አታርድም። ሴት ያረደችው አይበላም። ይህንንም እንደ ጨርቁ ማንም አላስተማራትም፤ እጇ ውስጥ ያለ ነገር ነው።

"ጋሼ!" ብሎ ዮናስ ተጣራ። "ልረደው?"

ሸለቆው ድምፅ ያደርሳል። አቶ ኪዳነወልድ ሰምተዋል። መስማታቸው ከአቋቋማቸው ይታወቅ ነበር። አልመለሱም። እሺ ቢሉ ከቀጥቃጭ እጅ መብላት ነው። እንቢ ቢሉ ጥንብ። ዝም ብለው ሁለቱም እንዲያልፍ ጠበቁ፤ የወፉ ዓይን መከደን ጀመረ።

"እረደው" አለች ገሊላ።

"አባትዎ አልመለሱም።"

"ያልኩህ እኔ ነኝ።"

ቢላውን በእጀታው በኩል ዘረጋችለት። ተቀበላት። አውራ ጣቱ ስለቱ ሥር አንድ ቦታ ላይ ሄዶ አረፈ፤ ብረቱ ላይ ጎን ለጎን የተጫሩ አጫጭር መስመሮች ነበሩ፤ ሠሪው ሥራውን የሚያውቅበት ምልክት። ቢላውን አገላብጦ አየው። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞረ፣ በስመ አብ ብሎ አረደ፤ ቢላውን በአሸዋ ጠርጎ መለሰላት። ስትቀበለው ጣቶቻቸው አልተነካኩም፤ ሁለቱም ተጠንቅቀው ነበር። ይህ ጥንቃቄ ከሰማችው ነገር ሁሉ ይበልጥ ከበዳት።

* * *

"ማን አረደው?" አሉ አቶ ኪዳነወልድ ሲደርሱ፤ ተዳፋቱ ላይ ቆመው እንዳላዩ።

"ዮናስ" አለች።

"ደግ።" ወደ ቤቱ ገቡ።

ሁለት እሳት ተለኮሰ። ጋሽ ሙሜ የራሳቸውን ግራሩ ሥር፣ ገሊላ የእነሱን ቤቱ ጎን። ወፉን በፈላ ውሃ ነጨችው፣ ቆራርጣ በቅቤና በሚጥሚጣ ጠበሰችው። ዮናስ በሩን መልሶ ሰቀለ። ወደ እሷ ሳይዞር፣ በመፍቻ እያጠበቀ፣ እየከፈተ እየዘጋ። በሩ ያለ ድምፅ ይዘጋ ጀመር።

ለአባቷ በሳህን አቀረበችላቸው። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ወደ ግድግዳው ዞረው ተቀምጠው ነበር። ሳህኑን ጉልበታቸው ላይ አደረጉና ጋቢያቸውን እስከ ግንባራቸው ጎትተው ተከናነቡ። ከጋቢው ሥር መብላት ጀመሩ። የመጀመሪያ ግዳይ አይጣልም፤ ይበላሉ። የሚበሉት ግን ተሸሽገው ነው። ቤቱ በፀሐይ ግሎ ነበር፤ ላባቸው በአንገታቸው ሲወርድ ታያት።

ጋሽ ሙሜ የጅግራ ጭን በእጃቸው እንደያዙ በሩ ላይ መጡ።

"ኪዳኔ፣ በረደህ እንዴ?"

"ተወኝ አቦ ሙሜ።"

"ሰው መጥበሻ ውስጥ ገብቶ ጋቢ ሲከናነብ አይቼ አላውቅም፣ ልጠይቅ ብዬ ነው።" ከወገባቸው ቢላቸውን አውጥተው አዩት። "ይሄን ሁለታችን ባንድ ቀን አይደል የገዛነው? የማን ሥራ ነበር? የእንደሻው አይደለም? ስንት ዘመን አረድክበት፣ በላህበት፣ ጥርስህን ጎረጎርክበት። ብረቱ ታዲያ ከሰማይ ወረደ?"

ጋሽ ሙሜ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"እኔና አንተ ማዕዳችን እንደ ተለየ አረጀን። እሱ ሃይማኖት ነው፣ አላህ ያውቀዋል። ግን ወላሂ፣ አንድ ቀን ፊትህን አዙረህብኝ በልተህ አታውቅም።"

ወደ ግራራቸው ተመለሱ። ቆርቆሮ ቤት ምስጢር አይይዝም፤ ዮናስ ውጭ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል። መፍቻዎቹን በቦርሳው ከተተ። ቁልፉን መስኮቱ ላይ አኖረ።

"ቁልፉ እዚህ ነው" አለ። "ጋሼን ደኅና ይቆዩ በሉልኝ።"

ገሊላ የተረፈውን ሥጋ ከእንጀራ ጋር በትሪ አድርጋ፣ ጨርቅ ጣል አድርጋበት፣ ይዛ ወጣች። አሁን በእርግጥ ዝንብ ነበር። ደረጃው ላይ ተቀመጠችና ጨርቁን አንስታ አሸዋው ላይ ጣለችው።

"ቁጭ በል ዮናስ።"

"መንገድ አለብኝ።"

"ዝንብ አልነበረም።"

ቦርሳውን ትከሻው ላይ ሊያደርግ አንስቶት ነበር። እዚያው አየር ላይ ቀረ።

"አውቃለሁ ብዬሽ ነበር እኮ" አለ።

አንቺ አላት። ገሊላ ከዚያ በፊት ቃሉ እንዲህ ያለ ክብደት እንዳለው አታውቅም ነበር።

"የነገሩኝ ከዚያ በፊት ባለው ማታ ነው። ስቄ ነው የተኛሁት። አላመንኩም። በማግስቱ ግን እጄ..." አቆመች። እንደገና ጀመረች። "እጄ አይደለም። እኔ ነኝ የከደንኩት።"

ቦርሳውን አስቀመጠ። ፊት ለፊቷ፣ አሸዋው ላይ ተቀመጠ።

"ልጅ ሆኜ ጎረቤት ስገባ ድስት ሲከደን እሰማለሁ" አለ። "ድምፁን አውቀዋለሁ። የብረት ክዳን አለ፣ የሸክላ አለ። ማን ቤት የቱ እንዳለ አውቃለሁ። ገና ከበሩ ስደርስ ጆሮዬን አዘጋጃለሁ፣ እንዳልደነግጥ። ባንቺ ጊዜ አላዘጋጀሁም። የአንቺ ደግሞ ጨርቅ ነው፣ ድምፅ እንኳን አልነበረውም።"

ይቅርታ የሚለው ቃል አፏ ላይ ደርሶ ቀላል ሆነባት።

"ስበላ እየኝ" አለች።

"ምን?"

"እበላለሁ፣ አንተ ታየኛለህ። ዓይንህን አታንሳ።"

"ገሊላ፣ አባትሽ እዚህ ናቸው።"

"እየኝ አልኩህ።"

ቆረሰች፣ ጠቀለለች፣ ጎረሰች። ዮናስ መጀመሪያ መሬቱን አየ። ሰው ሲበላ አለማየትን ከአያቱ ቤት ተምሮ አድጓል፤ እሷ መክደንን እንደተማረች። ከዚያ ቀስ ብሎ ቀና አለ። እጇን አየ፣ አፏን አየ፣ ጉሮሮዋን አየ፣ ዓይኗ ላይ ደርሶ ቆየ። ማኘክ ከባድ ነበር። ሰው እያየ መብላት እንዲህ ራቁት የሚያስቀር ነገር መሆኑን አላወቀችም ነበር። ዋጠች። ደግማ ቆረሰች። እንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም፣ መብላቷን ቀጠለች። ሚጥሚጣው ነው ልትል ትችል ነበር፤ ሌላ ውሸት ግን አልፈለገችም።

"በቃሽ" አላት በቀስታ።

"አልበቃኝም።"

ዓይኑ ጠበበ፤ ጥርሱ ሳይታይ ሳቀ። እጁን ወደ ትሪው ዘረጋ። ከእሷ ፊት ለፊት፣ ከአንድ ትሪ ቆረሰ።

ከቤቱ ውስጥ የወንበር ሲጥሲጥታ ተሰማ። ሁለቱም ባሉበት ደረቁ።

"ዝንብ እየገባ ነው" አሉ አቶ ኪዳነወልድ።

ግራሩ ሥር ጋሽ ሙሜ ማኘካቸውን አቆሙ።

"ግቡና በሩን ዝጉት።"

ገሊላ ዮናስን አየች። ግቡ ነበር ያሉት፤ ግቢ አላሉም። እሱም ሰምቷል። ትሪውን አንስታ ገባች፤ ተከትሏት ገባ። በሩን እንደ ሰሞኑ ወለል የሚልስ መስሏት በትከሻዋ ልትገፋ ስትል በጣቷ ብቻ ተዘጋላት።

አቶ ኪዳነወልድ ጋቢያቸውን ከራሳቸው አላወረዱም። ፊታቸው ግን ከግድግዳው ዞሯል። በአግዳሚው ወንበር ላይ ወደ ጥግ ተጠግተዋል፤ መሃሉ ባዶ ነበር፣ ለሁለት ሰው ይበቃል። ዮናስን አላዩትም። ልጃቸውንም አላዩም። ሳህናቸውን አየት አድርገው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እንብላ" አሉ።

ዮናስ እጁን የሚታጠብበት ውሃ ፈለገ። ገሊላ ጀሪካኑን አንስታ አፈሰሰችለት፤ ውሃው ወለሉ ላይ ተረጨ። እስካሁን ከዋጠችው ሁሉ የአንዱም ጣዕም አልታወቃትም ነበር። አሁን ራባት።